ሳል ይዞ ጫካ መግባት

ኢትዮጵያ ውስጥ ጎሪላ የለም፤ ቺምፓንዚም የለም። ጎንደር ላይ የእንስሳት ሕክምና የተማረ ልጅ ተመርቆ ሲወጣ የሚጠብቀው የገበሬው በሬ፣ የባለጋሪው ፈረስ፣ የሰፈር ውሻ እና ድንገት አንድ ቀበሌ ውስጥ ብቅ የሚለው አባ ሰንጋ ነው። ስለዚህም ስለ ዱር እንስሳት በሽታ በማስተምርበት ክፍለ ጊዜ የጎሪላና የቺምፓንዚ ወረርሽኝ ሳነሣ፣ ከኋላ ወንበር «ዶክተር፣ ይኼ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ክፍል ውስጥ የምሰጠው መልስ ግን ሁልጊዜ ጥድፊያ ስለሚበዛበት አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከቅርባችን ልጀምር። በ1953 ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጅቷል፤ በዓመቱ ጎንደር ላይ የተከፈተውና ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ኮሌጅ ታሪክ ሲነገርም ያ እልቂት አብሮ ይነሣል። ከወባ ዓይነቶች ዋነኛው ገዳይ፣ ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ወደ ሰው የተሻገረው ከጎሪላ መሆኑን ያመለከተው ጥናት የታተመው በ2010 ነው። ማስረጃው የተገኘውም ጎሪላ ተይዞ ደም ተቀድቶ ሳይሆን፣ በአፍሪካ ደኖች ውስጥ ከመሬት ከተለቀመ ዓይነ ምድር ነው። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በዚሁ ዘዴ፣ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው የኤችአይቪ ዝርያ ምንጭ በደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን የሚኖሩ ቺምፓንዚዎች የሚሸከሙት ቫይረስ እንደሆነ ታውቋል። ይህችን ከተማ ብዙ ድንኳን ካስተከሏት በሽታዎች ሁለቱ የዘር ግንዳቸው ወደ እነዚህ እንስሳት የሚወስድ ከሆነ፣ ጎንደር ላይ ተቀምጦ ስለ ጎሪላ ጤና መጠየቅ ቅንጦት አይመስለኝም።

ዛሬ ግን ከእነርሱ ከሚመጣብን ይልቅ እኛ የምንወስድባቸው ያሳስባል። በኮትዲቯር ታይ ደን ውስጥ ተመራማሪዎች ለዓመታት አብረዋቸው ውለው ያላመዷቸው ቺምፓንዚዎች በ1999፣ በ2004 እና በ2006 በሳልና በሳንባ ምች እየተጠቁ ሞቱ። ከሬሳዎቹ የተወሰደው ናሙና ውጤት በ2008 ሲታተም፣ የተገኙት ቫይረሶች የጫካ በሽታዎች አልነበሩም። የትም ከተማ ሕፃናትን በየጊዜው የሚያስሉ፣ እናቶች «ጉንፋን ነው፣ ይለቀዋል» ብለው የሚያልፏቸው የሰው የመተንፈሻ አካል ቫይረሶች ነበሩ። እኛ በሦስት ቀን የምንረሳው ጉንፋን፣ ከዚህ በፊት አግኝቶት የማያውቅ አካል ውስጥ ሲገባ ሳንባ ዘግቶ ይገድላል፤ በላዩ ላይም የሳንባ ምች ባክቴሪያ ይጨመርበታል።

ከሁሉ ይበልጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ የኡጋንዳው ነው። በ2013 በኪባሌ ደን፣ ካንያዋራ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ይኖሩ ከነበሩት 56 ቺምፓንዚዎች አምስቱ በአንድ የሳል ወረርሽኝ አለቁ። አንዲት የሁለት ዓመት ጨቅላ ሬሳዋ ሳይበሰብስ በመገኘቱ ተመረመረ፤ ገዳዩም ራይኖቫይረስ ሲ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ማለት ከጉንፋን ቫይረሶች አንዱ ነው። ቫይረሱ ወደ ሕዋስ የሚገባበትን በር የሚሠራው ጂን በሰው ዘንድ ሁለት መልክ አለው፤ አንዱ ያጋልጣል፣ ሌላው ያስጥላል። በተመረመሩት ቺምፓንዚዎች ላይ የተገኘው ግን በሙሉ የሚያጋልጠው ነበር። እንግዲህ ያ ቫይረስ ከአንድ ሰው አፍንጫ ወጥቶ እዚያ መንጋ ውስጥ ሲገባ፣ በጂናቸው የሚያመልጥ አንድ ስንኳ አይኖርም ማለት ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ጄን ጉዶል ታንዛኒያ ውስጥ ጎምቤ ገብታ ቺምፓንዚ ማጥናት ከጀመረች ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1966፣ በአካባቢው ሰዎች ላይ የልጅነት ልምሻ ገብቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ቺምፓንዚዎቹ እጅ እግራቸው እየሰለለ በመቀመጫቸው ይጎተቱ ጀመር። ወረርሽኙን ለመግታት የተደረገው ሙዝ ውስጥ የአፍ ክትባት አድርጎ ማብላት ነበር። ዘዴው ብልህ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ያ ሙዝ አስቀድሞም ቢሆን እንስሳቱን ከጫካ ስቦ ወደ ሰው ድንኳን ያቀረበ ሙዝ መሆኑን ሳስብ፣ የዚህ ሙያ ችግር በሙሉ አንድ ፍሬ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታየኛል።

ችግሩም ይህ ነው። እንስሳትን ለማወቅም ለመጠበቅም መቅረብ ያስፈልጋል፤ መቅረቡ ደግሞ ራሱ በሽታ ይዞ ይገባል። ብዙ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ «ታዲያ ለምን አይተዋቸውም?» ይላሉ። የሚመስል መልስ ነው፤ ነገር ግን ሩዋንዳ፣ ኡጋንዳና ኮንጎ የሚጋሯቸውን የቪሩንጋ ተራሮች የ40 ዓመት መዝገብ የመረመረውና በ2011 የታተመው ጥናት ሌላ ነገር ይናገራል። ሰው የለመዱትና በየቀኑ ጠባቂ የሚጎበኛቸው የተራራ ጎሪላዎች በዓመት በ4.1 በመቶ ሲጨምሩ፣ ሰው ያልቀረባቸው ግን በ0.7 በመቶ ይቀንሱ ነበር፤ ከልዩነቱም እስከ 40 በመቶ የሚደርሰው የሐኪሞች ሥራ ውጤት ሊሆን እንደሚችል ተገምቷል። በ2020 ኮሮና መጥቶ የኡጋንዳ፣ የሩዋንዳና የኮንጎ ፓርኮች ለጎብኚ ሲዘጉ፣ ጎሪላዎቹ ከሳል ዕረፍት ያገኙ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ላይ ራፊኪ የሚባለው፣ ኡጋንዳ ውስጥ ባለው የብዊንዲ ጫካ የታወቀ አውራ ጎሪላ በአዳኝ ጦር ተወግቶ ተገደለ። ገዳዩ ለትንንሽ እንስሳት አደን የገባ ሰው ነበር። ጎብኚው ሲቀር የቱሪስት ገንዘብ ይቀራል፤ ያ ገንዘብ ሲቀር ረሃብ ጫካ ይገባል።

ስለዚህ ራቁ ማለት መፍትሔ አይደለም፤ መቅረብ የሚያስከፍለውን ዋጋ መክፈል ነው። ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሥራው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል፤ ለእንስሳት ሐኪም ከዚህ የተለየ ፈተና የለምና።

እኛ በሬ ሲታመም አፍንጫውን እንይዛለን፣ ትኩሳት እንለካለን፣ የዓይኑን ሽፋን ገልብጠን ደም ማነሱን እናያለን፣ ከአንገቱ ሥር ደም እንቀዳለን። ለቺምፓንዚ ሐኪም ይህ ሁሉ የተከለከለ ነው። ማደንዘዣ የተተኮሰበት ቺምፓንዚ ከዛፍ ወድቆ ሊሞት ይችላል፤ ጓደኞቹም ሐኪሙን ሊቦጫጭቁት ይችላሉ። ስለዚህ ሐኪሙ እንስሳው ጥሎት የሄደውን ሁሉ ይለቅማል። ጠዋት ቺምፓንዚው ከጎጆው ሳይወርድ የሚሸናውን ሽንት ቅጠል ላይ ያረፈውን በፒፔት መጥጦ፣ ለስኳርና ለኩላሊት በምንጠቀምበት ዓይነት የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ላይ ያንጠባጥባል። ጎሪላው አኝኮ የተፋውን ግንድ አንሥቶ ከምራቁ ቫይረስ ይፈልጋል። ዓይነ ምድሩን በጓንት አንሥቶ የዘር ቅንጣትን ከመበስበስ በሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ ይከታል። ከዚያ የቀረው ማየት ነው፤ ማን ከመንጋው ወደ ኋላ ቀረ፣ ማን በቀትር ጎጆ ሠርቶ ተኛ፣ ማን አሳለ፣ ስንት ጊዜ አሳለ። የቆላ ደን ሬሳን በቀናት ውስጥ ያጠፋዋል፤ ታይ ደን ላይ ግን ሬሳ የሚበሉ ዝንቦችን አጥምዶ፣ ሆዳቸው ውስጥ ካለው ሥጋ የማንን ሬሳ እንደበሉ ለማወቅ ተችሏል።

በዚያ ደን የተገኘው አንድ ነገር ለእኛ ለጎንደር ሐኪሞች ልዩ ትርጉም አለው። ከ2001 ጀምሮ ቺምፓንዚዎች ያለ ምልክት በሰዓታት ውስጥ ይሞቱ ነበር፤ ሬሳው ሲከፈት የታየው የአባ ሰንጋ ገጽታ ነበር። እኛ አባ ሰንጋን የምናውቀው ከደጋ ግጦሽና ሬሳ ከወደቀበት ሜዳ ጋር ነው፤ ዝናብ በማያባራበት ደን ውስጥ ማን ይጠብቀዋል? ባክቴሪያው ከእኛው ትንሽ የተለየ ዝርያ ቢሆንም ገዳይነቱ ያው ነው፤ በ2017 የታተመው ጥናትም ለረጅም ዓመታት ከተሰበሰቡት የደኑ እንስሳት ሬሳዎች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት የሞቱት በእርሱ መሆኑን አሳየ። ይህን ያመጣነው እኛ አይደለንም። ኢቦላንም እንዲሁ። በኮንጎ ሪፐብሊክ ሎሲ በተባለው ስፍራ ከ2002 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመራማሪዎቹ አንድ በአንድ ከሚያውቋቸው 143 ጎሪላዎች 130ው ጠፉ፤ በአካባቢው ያለቁት ጎሪላዎች በጠቅላላ ወደ 5,000 እንደሚደርሱ ተገምቷል። በ1994 ደግሞ ታይ ውስጥ የቺምፓንዚ ሬሳ የመረመረች ሳይንቲስት በኢቦላ ተይዛ ተርፋለች። ሁሉን በደል በሰው ላይ መቆለል ከሳይንስ ይልቅ ኑዛዜ ይሆናል፤ ልዩነቱ ኢቦላን ጫካ ውስጥ ማቆም እጅግ ከባድ ሲሆን ጉንፋንን ደጃፍ ላይ ማቆም መቻሉ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ቺምፓንዚዎቹ ራሳቸውም ሐኪም አላጡም። በ1987 በታንዛኒያ ማሃሌ ተራሮች ማይክል ሃፍማን የተባለው ተመራማሪና የአካባቢውን መድኃኒት የሚያውቀው ሞሐመዲ ሰይፉ ካሉንዴ፣ አንዲት የታመመች ቺምፓንዚ ከአንድ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ቆርጣ፣ ልጣጩንና ቅጠሉን ጥላ፣ የውስጡን መራራ አካል ስታኝክና ጭማቂውን ስትመጥ አዩ፤ በማግስቱም ተሽሏት ተገኘች። ቁጥቋጦው ግራዋ ነበር። እናቴ ጠላ ከመጥመቋ በፊት ጋኑን ፈትጋ የምታጥብበት፣ ሆዳችንን ሲቆርጠን ጨምቃ የምታጠጣን፣ ከጓሮ አጥራችን ጥግ የበቀለው ግራዋ። ተማሪዎቼ ለትምህርቱ ልባቸው የሚከፈተው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ ካንያዋራ ያላስደነገጠው ልጅ በግራዋ ይነቃል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። የጎሪላ ተመራማሪዋ ዳያን ፎሲ ባስጀመረችው ጥያቄ በ1986 ሩዋንዳ ውስጥ ለተራራ ጎሪላዎች የተቋቋመው የሐኪሞች ቡድን የሚመራበት ደንብ ግልጽ ነው፤ ጎሪላ የሚታከመው ጉዳቱ ሰው ያደረሰው ሲሆን ወይም ለሞት የሚያሰጋ ሲሆን ነው። ለሚዳቋ የተዘረጋ የሽቦ ወጥመድ እጁን የቆረጠው ጎሪላ ይደነዝዛል፣ ወጥመዱ ይፈታለታል፤ በእርስ በርስ ጠብ የቆሰለው ግን ብዙ ጊዜ ለተፈጥሮ ይተዋል። በ1988 ጎሪላዎቹን የመተንፈሻ አካል በሽታ ሲይዛቸው፣ ኩፍኝ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በርቀት በሚተኮስ መርፌ የኩፍኝ ክትባት ተሰጥቷቸዋል። በ2018 በወጣው ቆጠራ የተራራ ጎሪላ ቁጥር ከ1,000 ማለፉ የተረጋገጠ ሲሆን፣ ለዚህ ትንሽ ለማይባል ድል ሐኪሞቹም ጠባቂዎቹም ድርሻ አላቸው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን በ1996 ብዊንዲ ውስጥ የሆነውንና ከዚያ የተወሰደውን ትምህርት ነው። አንድ የጎሪላ ቤተሰብ ጸጉሩ እየተመለጠ፣ ቆዳው እየነጣና እየተቀረፈ ተገኘ፤ አንድ ጨቅላ ሞተ። በሽታው እከክ ነበር። ግላዲስ ካሌማ ዚኩሶካ፣ ያን ጊዜ በኡጋንዳ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ገና አዲስ የተቀጠረች ወጣት ሐኪም፣ የተረፉትን አይቨርሜክቲን በሚባል የጥገኛ ተባይ መድኃኒት አዳነቻቸው። እዚያ ላይ ብታቆም ማንም አይወቅሳትም ነበር። እርሷ ግን እከኩ ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። ጎሪላዎቹ ከጫካ ወጥተው የገበሬ ሙዝ ይበሉ ነበር፤ እርሻው ላይ ደግሞ አሮጌ ልብስ ያለበሱት ማስፈራሪያ ይቆማል፤ በዚያ መንደር ውኃና ሳሙና ብርቅ ነው፣ እከክም ብርቅ አይደለም። በ2003 የመሠረተችው ድርጅት ሥራውን የጀመረው ከዚህ ነው፤ የጎሪላን ጤና ለመጠበቅ የመንደሩን ሰው ማከም፣ መጸዳጃ ቤት ማስቆፈር፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ የመንደር በጎ ፈቃደኞችን ማሠልጠን።

እኛም ይህን እናውቀዋለን። በ2015ቱ ድርቅ ወቅትና ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል እከክ ሲስፋፋ ለሰዉ በዘመቻ የታደለው መድኃኒት ያው አይቨርሜክቲን ነበር። እኔ በሻንጣዬ ይዤ ለበግ የምወጋው፣ መተማ ወረዳ ለዓይን አሳዋሪው የወንዝ ዳር ትል ሲታደል የነበረው፣ ብዊንዲ ላይ ጎሪላ ያዳነው፣ ሁሉም አንድ መድኃኒት ነው። ይህ ሲታይ በሰው ሐኪምና በእንስሳት ሐኪም መካከል ያለው ግንብ ከመዋቅር የተሻለ ምክንያት ያለው አይመስለኝም።

በአጥር ውስጥ ስለሚኖሩት ብዙ አልልም፤ የእነርሱ ነገር የራሱ ዓለም አለው። ነገር ግን የሰው ትንፋሽ እዚያም አይለያቸውም። በጥር 2021 በሳንዲያጎ ሳፋሪ ፓርክ ጎሪላዎች ማሳል ጀምረው ዓይነ ምድራቸው ሲመረመር ኮሮና ተገኘባቸው፤ ምንጩ ጭምብል የሚያደርግ፣ ምልክት ያልታየበት ተንከባካቢ ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ከዚያ በኋላ በሳንዲያጎ ኦራንጉታንና ቦኖቦ ለሚባሉት የጎሪላና የቺምፓንዚ ዘመዶች ለእንስሳት የተዘጋጀ የኮሮና ክትባት ተሰጣቸው። በአጥር ውስጥ ያሉትን ጎልማሳ ጎሪላዎች በብዛት የሚገድላቸው ግን ተላላፊ በሽታ ሳይሆን የልብ ሕመም ነው፤ አትላንታ ላይ በ2010 የተጀመረ አንድ ፕሮጀክት ከየቦታው የልባቸውን ምስል ይሰበስባል፤ ጎሪላው ያለ ማደንዘዣ ደረቱን ከሽቦው አስጠግቶ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ እንዲታገሥ በትዕግሥት ይሠለጥናል። በኡጋንዳና በዛምቢያ የወላጅ አልባ ቺምፓንዚዎች ማቆያ ውስጥ ደግሞ የሰው የሆነና መድኃኒት የማይበግረው ባክቴሪያ በእንስሳቱ ላይ ተገኝቷል፤ ስለዚህ «ወደ ጫካቸው እንመልሳቸው» የሚለው ቅን ሐሳብ ሳይመረመር የሚደረግ ነገር አይደለም።

ክትባትም ሌላው የማይቋጭ ክርክር ነው። በ2011 ስድስት የላቦራቶሪ ቺምፓንዚዎች ላይ የኢቦላ ክትባት ተሞክሮ ደኅንነቱና ኃይሉ ታይቷል፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን አሜሪካ በአጥር ያሉትን ቺምፓንዚዎች ሁሉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ስላስገባቻቸው እንዲህ ያለው ሙከራ በተግባር ቆመ። ቺምፓንዚ ላቦራቶሪ ውስጥ መቆም አልነበረበትም፤ በዚህ እስማማለሁ። ሎሲ ላይ ያለቁት ጎሪላዎች ግን ክትባቱ ለእነርሱ ያስፈልግ እንደነበር ይነግሩኛል። የሚቻል ነገር መሆኑን ደግሞ እዚሁ አገራችን አይተናል፤ በ2018 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ለቀይ ቀበሮ መሰጠት ተጀምሯል። ከዚያ በፊትም፣ ዛሬም፣ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ጋሻ የገበሬውን ውሻ መከተብ ነው።

እዚህ ላይ ሰሜን ተራሮችን ሳላነሣ አላልፍም። ጭላዳ ከጎሪላና ከቺምፓንዚ ጎራ አይደለም፤ ጭራ ያለው፣ ሣር የሚግጥ፣ የአገራችን ብቻ የሆነ ዝንጀሮ ነው። የቅርበት ጥያቄ ግን በእርሱም ዘንድ ያው ነው። ሳንካበር አካባቢ ከ2006 ጀምሮ የሚያጠኑት ተመራማሪዎች ጭላዳዎች ላይ የሚታየው ትልልቅ እባጭ ታኒያ ሴሪያሊስ ከሚባል የኮሶ ትል ዝርያ እንደሚመጣ፣ ያበጡትም ካላበጡት ይልቅ እንደሚሞቱ አሳይተዋል። ተማሪዎቼን ይዤ በወጣሁበት ጊዜ አንድ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ በጠመንጃው አፈ ሙዝ አቅጣጫ አሳይቶን አንዲት እናት ጭላዳ አየን፤ ጭኗ ላይ የቡጢ ያህል የሚሆን ለስላሳ እባጭ ተንጠልጥሎ በተራመደች ቁጥር ይወዛወዛል፣ ልጇ በሌላው ጎኗ ተጣብቋል፣ እርሷ ግን ሣሯን መንቀሏን አላቆመችም። ትሉ የሚያድገው በውሻና በቀበሮ አንጀት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ሣር ላይ ይወርዳል፤ ሣሩን የሚበላው ጥንቸል መሆን ሲገባው ጭላዳ በላው። የመንደር ውሻን የትል ኪኒን መስጠት የጎንደር ሐኪም ሥራ ነው፤ የእብድ ውሻ ክትባት በሚሰጥበት ቀን አብሮ ቢሰጥ አንድ የጉልበት ዋጋ ሁለት ሥራ ይሠራል።

በዚያው ጉዞ ጎብኚዎች ከጭላዳው መንጋ መካከል ተቀምጠው፣ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ፎቶ ይነሡ ነበር። ይህን ሳይ ብዊንዲ ትዝ አለኝ፤ እዚያ ሕጉ ሰባት ሜትር በነበረበት ዘመን ርቀቱ ሲለካ በአማካይ ጎብኚው ከጎሪላው የሚርቀው ከሦስት ሜትር ያነሰ ነበር። ከኮሮና ወዲህ ርቀቱ አሥር ሜትር ሆኖ ጭምብል ተጨምሮበታል፤ መንጋውን በቀን አንድ ቡድን ብቻ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ያያል። ደንቡ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከጎብኚው ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ሰው ነው። ጎብኚ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይሄዳል፤ ዱካ ፈላጊው፣ ስካውቱ፣ ጫኙ፣ የተመራማሪው ረዳት ግን ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ያገኙትን ጉንፋን ማታ ቤት ያመጡለታል፣ ጠዋት እርሱ ጫካ ይዞት ይገባል።

ደባርቅ ላይ ጓዛችን በቅሎ ላይ ሲጫን ከጫኞቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ገመዱን እየሳቡ ደረታቸው እስኪርገበገብ ያስሉ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬ ቤት ቢውሉ አይሻልም ነበር?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ዛሬ ተራዬ ነው፤ ብቀር ተራዬ ያልፋል። ጎብኚው እንደሆነ እንደ ድሮው አይመጣም» አሉኝ፤ ደግሞም ገመዱን አጠበቁት። የታመመ ሠራተኛ ጫካ አይግባ የሚለውን መመሪያ ለተማሪ አስተምሬአለሁ፤ በጽሑፍም አውቀዋለሁ። መመሪያው የሚሠራው ግን የቀረ ሰው የቀን ገቢው የማይቀርበት እንደሆነ ብቻ ነው። የታመመው ካልተከፈለው ሳሉን ይደብቃል እንጂ ቤቱ አይውልም፤ ይህ ካንያዋራም ሆነ ደባርቅ አንድ ነው። በላቦራቶሪ የሚወጣው ገንዘብ ትልቅ ነው፤ ለታመመ ጫኝ የአንድ ቀን ካሣ ግን በየትኛውም የጥናት በጀት ላይ ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ለእንስሳቱ ግን ከብዙ ማሽን የሚበልጥ ጥቅም ያለው እርሱ ይመስለኛል።

አሁን ተማሪዎቼ ለሚቀጥለው የመስክ ሥራ መጠይቅ እያረቀቁ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ስለ ጭላዳው እባጭ፣ ስለ ውሻው ብዛት፣ ስለ ሣሩ ብዙ ጥያቄ ነበረው፤ ስለ ሰዉ ግን ዕድሜና ፆታ ብቻ። እኔ «ባለፈው ባመመዎት ቀን ሥራ ገብተው ነበር ወይ? ለምን?» የሚለውን ከላይ አስገባሁበት። አንዲት ተማሪዬ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ መፍትሔ አመጣች፤ የታመመ ጫኝ ተራው እንዳያልፍ በማግስቱ ይያዝለት። ሐሳቡ ለእኚያ ሽማግሌ ሲነገራቸው «ይኼንንማ ማን ይጠላል» ብለዋል። ተራ አስከባሪው ግን «በገበያ ቀን ሁሉም ያስለዋል» ብሎ ሣቀብን። የሣቀው አለምክንያት ስላልሆነ፣ አሁን መጠይቁ ላይ የገበያ ቀንም ገብቷል።